ከምግብ ማሸጊያ ፕላስቲክ ነዳጅ የሚያወጣ ማሽን ልንገዛ ነው፣ የምታውቁ ምከሩን

የአዳማ_ማህበር፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። አዳማ ላይ ደረቅ ቆሻሻ የምንሰበስብ ማህበር ነን፣ አብዛኞቻችን ሴቶች ነን፣ ከመኖሪያ ቤትም ከሆቴልም ከካፌም እናነሳለን። ሃይላንዱን ለይተን ለተረካቢ እንሰጣለን እሱ ገዢ አያጣም፣ ካርቶንም ይሄዳል። ያስቸገረን ሌላው ነው፣ የወተት ላስቲክ፣ የብስኩትና የቺፕስ ማሸጊያ፣ የኢንዶሚ ላስቲክ፣ የእርጎ ኩባያ፣ ነጩ ፎም የቴክአዌይ ሳጥን፣ ከዛ ፌስታል በየአይነቱ። ይሄንን ሰብስበን ሰብስበን መጨረሻው ወይ ገደል ነው ወይ እሳት፣ ሲቃጠል ደግሞ ጭሱ ሰፈሩን ያፍነዋል ልጆች ያስላሉ ሰውም ይቆጣናል፣ እውነታቸውን ነው።

አሁን ማሽን ከቻይና የሚያስመጣ ሰው መጥቶ አናገረን። 1 ቶን ፕላስቲክ ስታስገቡ 800 ሊትር ናፍጣ ታወጣላችሁ፣ መለየትም ማጠብም አያስፈልግም እንዳለ ጨምሩት አለን። ቪዲዮም አሳየን፣ ከቱቦው ቡናማ ዘይት ሲወርድ ይታያል። ብድር ለመጠየቅ ወረቀት እያዘጋጀን ነው ግን ልቤ አላረፈም። ነገሩ እውነት ነው? ናፍጣውን መኪና ላይ መጠቀም ይቻላል? ጭሱስ? እባካችሁ የምታውቁ ሰዎች ሳትሰለቹ ንገሩን።

ኬሚካል_ሰው፦

እህቴ ሰላም ነሽ፣ መጀመሪያ ብድሩን አትፈርሙ፣ ቀስ ብለን እንነጋገር። እኔ ኬሚካል ኢንጂነር ነኝ፣ ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ይሄንኑ ሲሰሩ በትንሽ ሪአክተር አብሬያቸው ሰርቻለሁ ስለዚ በወሬ አይደለም የማወራው።

ስራው ፓይሮሊሲስ ይባላል። ፕላስቲክን ኦክስጅን በሌለበት ዝግ ድስት ውስጥ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ታሞቂዋለሽ፣ አየር ስለሌለ አይቃጠልም፣ ረጃጅሙ ሞለኪውል ይበጣጠስና ተን ይሆናል፣ ተኑን በቱቦ አውጥተሽ ስታቀዘቅዢው ዘይት ይሆናል። ያልቀዘቀዘው ጋዝ ተመልሶ ድስቱን ማሞቂያ ይሆናል፣ ከታች ደግሞ ጥቁር ከሰል መሳይ ነገር ይቀራል። ፕላስቲኩ ራሱ ከነዳጅ ነው የተሰራው እኮ፣ 1 ኪሎ የወተት ላስቲክ ውስጥ 43 ሜጋጁል ገደማ ኃይል አለ፣ ናፍጣም ያው እዛው አካባቢ ነው፣ ደረቅ እንጨት ግን 16 ገደማ ነው። ስለዚ ሀሳቡ እውነተኛ ሳይንስ ነው።

800 ሊትር ያለው ቁጥርም ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ንፁህና ደረቅ ፖሊኢትሊን (የወተት ላስቲክና ፌስታል የሚሰራበት ፕላስቲክ) ብቻ ብታስገቢ ከክብደቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ዘይትና ሰም ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ግን አንቺ የምትሰበስቢው ንፁህና ደረቅ ፖሊኢትሊን ብቻ ነው? ችግሩ እሱ "መለየት አያስፈልግም" ያለው ላይ ነው። እዛ ላይ ነው የሚያከስራችሁ።

ሃይላንድ ማለት ፔት ነው፣ ከክብደቱ ሲሶው ኦክስጅን ነው፣ ድስቱ ውስጥ ሲገባ ዘይት በመስጠት ፈንታ አሲድ ይሰጥሻል፣ አሲዱ ተን ሆኖ ወጥቶ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይጋገራል። ይሄን በአይኔ ነው ያየሁት፣ ኮንደንሰሩን (ተኑ የሚቀዘቅዝበትን ክፍል) ስንፈታው ውስጡ ልክ በኖራ የተለሰነ ነበር። ቱቦ ተዘጋ ማለት ግፊት ተጠራቀመ ማለት ነው፣ ግፊትና 500 ዲግሪ የነዳጅ ተን አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ መናገር አያስፈልግም። ፒቪሲ (የውሃ ቱቦ የሚሰራበት ፕላስቲክ) ደግሞ የባሰ ነው፣ ከክብደቱ 57 በመቶ ክሎሪን ነው፣ ሲሞቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቅና ብረቱን ይበላዋል፣ ዘይቱንም ያበላሸዋል፣ የሰራተኛውንም ሳንባ። ትንሽ ፒቪሲ ብቻ ሙሉውን ዙር ታበላሻለች።

ዶማ_ያዘ፦

ኬሚካል ሰው የፃፍከው ጥሩ ነው ግን እኔ ሌላ ሀሳብ አለኝ። ለምን ይሄን ያህል ጣጣ፣ ረጲ ላይ እንደተሰራው ሁሉንም አንድ ላይ አቃጥሎ መብራት ማውጣት አይሻልም? አውሮፓ ሁሉ እንደዛ አይደል የሚያደርገው፣ ከተማ ውስጥ መሀል ላይ ያቃጥላሉ ጭስም የለው። ትንንሽ ማህበር ማሽን ከሚገዛ መንግስት በየከተማው አንድ አንድ ቢሰራ በቃ አለቀ።

ሰላም_ከስቶክሆልም፦

@ዶማ_ያዘ እኔ ያለሁት ስዊድን ነው፣ እውነት ነው እዚህ ቆሻሻ ተቃጥሎ ቤታችን በሱ ሙቀት ነው የሚሞቀው፣ ክረምት ላይ የምንታጠበው ሙቅ ውሃ ከዛ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በል፣ እዚህ እንኳን ፕላስቲክ ማቃጠል እየተጠላ ነው የመጣው፣ ምክንያቱም ፕላስቲክ ማቃጠል ነዳጅ ማቃጠል ማለት ነው፣ ካርቦኑ ወደ ሰማይ ነው የሚወጣው። ለዛ ብለው ሙታላ የምትባል ከተማ ላይ በ2023 በፈረንጆቹ ትልቅ የመለያ ፋብሪካ ከፈቱ፣ ሳይት ዚሮ ይባላል፣ የማሸጊያ ፕላስቲክን 12 ቦታ ይለያል፣ በአመት 200 ሺህ ቶን የመለየት አቅም አለው። ሃብታም አገር እንኳን ገንዘቡን ያፈሰሰው መለየት ላይ ነው። ጠርሙሱን ደግሞ ሱቅ በር ላይ ያለ ማሽን ውስጥ ስትከት ያስያዝከው ሳንቲም ይመለስልሃል፣ ስለዚ መንገድ ላይ ጠርሙስ አታይም።

ኬሚካል_ሰው፦

@ዶማ_ያዘ የረጲን ነገር ያነሳኸው ጥሩ ነው። ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ነው የቀበረው፣ እዛው ጎን ያለው ማመንጫ ደግሞ ነሐሴ 2010 ተመረቀ፣ በቀን 1400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሰራው። ግን የእኛ አገር ቆሻሻ ከአውሮፓው ጋር አንድ አይደለም። ከግማሽ በላይ የምግብ ትርፍራፊ ነው፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እርጥብ ነው። 1 ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ 2.6 ሜጋጁል ገደማ ይበላብሃል። እሳቱ መጀመሪያ ውሃ ያፈላል ከዛ ነው መብራት የሚሰጥህ። ከጭሱ ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ ለመያዝ ደግሞ ማጣሪያው ራሱ ትልቅ ወጪ ነው፣ ጭስ የለውም ያልከው እሱ ማጣሪያ ስላለ ነው። በየወረዳው የሚሰራ ነገር አይደለም።

ወይዘሮ_ት፦

ይቅርታ ወሬያችሁን ላቋርጥ ነው። እዚህ ሁሉ ሰው ስለ ማሽን ይፅፋል፣ እኔ ስለ ማንደጃ ልፅፍ። በየቤታችን ከሰል የምናቀጣጥለው በምንድነው? በፌስታል ነው። ጠቅለል አርገን ከከሰሉ ስር እንከታለን፣ የሚያንጠባጥበው እየነደደ ከሰሉን ይይዘዋል። ከዛ ቡና እናፈላበታለን፣ ህፃን አቅፈን እናርገበግባለን። ይሄ ነገር ጉዳት አለው ወይስ የለውም? ጎረቤቶቼን ተው ስላቸው ድሮም እንዲሁ ነው ይሉኛል።

ኬሚካል_ሰው፦

እማማ ወይም እህቴ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም፣ ግን በጣም ትልቅ ነገር ነው ያነሱት። ጉዳት አለው፣ በደንብ አለው። ማንደጃ ላይ ፕላስቲክ የሚነደው በዝቅተኛ ሙቀትና በቂ አየር ሳያገኝ ነው፣ ግማሹ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ጥላሸቱ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮችን ይይዛል፣ ከመሀሉ ፒቪሲ ካለበት ደግሞ ዳይኦክሲን ይጨመራል። ዳይኦክሲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ስብ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ በጡት ወተትም ወደ ልጅ ያልፋል። ጭራሮ፣ ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ወረቀት፣ ምንም ይሁን ምን ይሻላል። ሰው እንዲያነደው የሚያደርገው ፌስታሉ በነፃ ስለሚገኝ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ህፃን አቅፎ በጭራሽ።

ምናለሽ_ተራ_ነኝ፦

እኔ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው ያደግኩት፣ አባቴ ቆራሌው ነበር፣ እኔም ፕላስቲክ ንግድ ላይ ነኝ። ለአዳማዋ እህታችን ስለ መለየት ልንገራት ምክንያቱም ማንም ማሽን ሳይኖረው የሚለይበት መንገድ አለ።

በርሜል ውስጥ ውሃ ሙሊ። የተቆራረጠውን ፕላስቲክ ጨምሪ። የሚንሳፈፈው የወተት ላስቲክ፣ ፌስታል፣ ጀሪካን፣ ክዳን፣ የእርጎ ኩባያው አብዛኛው፣ እነዚ ናቸው ላንቺ የሚጠቅሙት። የሚሰጥመው ሃይላንድና ፒቪሲ ነው። ፎሙ ግን ውስጡ አየር ስለሆነ ይንሳፈፋል ያታልልሻል፣ እሱን በአይን ለይተሽ ለብቻ አስቀምጪ። የቺፕሱ ማሸጊያ ውስጡ የሚያብረቀርቀው ብናኝ አሉሚኒየም ነው የተቀባው፣ እሱም ይንሳፈፋል ግን ለዘይት ንፁህ አይደለም፣ ለብቻው።

ሁለተኛ፣ ጥርጥር ካለሽ የመዳብ ሽቦ ያዢ። ውጪ ሆነሽ፣ ንፋስ በጀርባሽ አድርጊና ሽቦውን እሳት ላይ አግይው፣ የጋለውን ሽቦ ፕላስቲኩ ላይ ነካ አርጊና ትንሽ ሲጣበቅበት መልሰሽ እሳቱ ውስጥ አስገቢው። እሳቱ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለው፣ ፒቪሲ ነው አውጪው። የወተት ላስቲክ ሲቃጠል ደግሞ ሽታው እንደ ጧፍ ነው፣ ያ ሰም ሰም የሚለው። እኛ ጋ ልጆቹ ገና ሲነኩት በድምፁ ይለዩታል፣ ሲጨማደድ ኩርሽም ኩርሽም የሚለው ፖሊፕሮፒሊን (እንደ ብስኩት ማሸጊያው ያለ) ነው፣ ልስልስ ብሎ ዝም የሚለው ፖሊኢትሊን። ሃይላንዱ ላይ የተለጠፈውን የፕላስቲክ ልባስም ቅደዱት፣ ከሱ መሀል ፒቪሲ የሆነ አለ።

እና ደግሞ ዋጋ። ንፁህ የወተት ላስቲክና የጀሪካን ፕላስቲክ ታጥቦ ተፈጭቶ እንደገና ባልዲ፣ ቱቦ፣ ጀሪካን የሚያደርጉ ፋብሪካዎች አሉ፣ እነሱ ይገዙሻል። ዘይት ከማድረግሽ በፊት እነሱን ጠይቂ።

የአዳማ_ማህበር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የበርሜሉን ነገ ነው የምንሞክረው። የወተት ላስቲክ የሚገዛ አለ ሲባል ግን ገረመኝ እኛ ጋ መጥቶ የጠየቀን የለም፣ ምናልባት ወተት ስላለበት ይሸታል ብለው ነው። @ኬሚካል_ሰው ዘይቱን መኪና ላይ መጠቀም ይቻላል ወይ ያልኩትን አልመለስክልኝም።

ኬሚካል_ሰው፦

እህቴ ረስቼው አይደለም ነገሩ ረጅም ስለሆነ ነው። ያ የሚወጣው ዘይት ናፍጣ አይባልም። ውስጡ ቤንዚን የሚመስል ቀላሉ፣ ናፍጣ የሚመስል መካከለኛው፣ ሰም የሚሆን ከባዱ ሁሉም ተደባልቆ ነው ያለው። ጠዋት ላይ ሲበርድ ከፖሊኢትሊን የወጣው ዘይት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ ይረጋል። ቤንዚኑ ስላለበት ደግሞ ቶሎ እሳት ይይዛል፣ እንደ ናፍጣ ነው ብለሽ ካስቀመጥሽው አደጋ ነው። በዛ ላይ ሲቀመጥ እያደር ሙጫ ይሰራል፣ የመኪናውን ፓምፕና ኢንጀክተር ይደፍነዋል። ፋብሪካዎች እንደገና ያጣሩታል፣ በሃይድሮጅን ያክሙታል፣ ከዛ ነው ነዳጅ የሚሆነው። እናንተ ያንን አታደርጉም። ጡብ ፋብሪካ ወይም ትልቅ ማሞቂያ ያለው ሰው ለምድጃ ሊገዛው ይችል ይሆናል፣ ለመኪና ግን አትሽጡ፣ የሰው ሞተር ይበላሽና ፍርድ ቤት ትመላለሳላችሁ።

ኬሚካል ማድረግም ይቻላል፣ የኔ ልብ እንደውም እዛ ነው። ያ ነጩ ፎም ለምሳሌ ፖሊስታይሪን ነው፣ ለብቻው ሲሞቅ አብዛኛው ተመልሶ ስታይሪን ይሆናል፣ ማለት መጀመሪያ የተሰራበት ኬሚካል። ሃይላንዱን ደግሞ በኢትሊን ግላይኮል ከዚንክ አሲቴት ጋር 190 ዲግሪ ላይ ብታፈላው ይሟሟና ንጥረ ነገሩ ይለቀቃል፣ ከዛ ሙጫ፣ ፎምና ቀለም ውስጥ የሚገባ ጥሬ እቃ ይሰራል። በኢንዛይም የሚሰሩም አሉ። በ2016 በፈረንጆቹ ጃፓኖች ሳካይ ከተማ ካለ የጠርሙስ ሪሳይክል ቦታ ፔት የሚበላ ባክቴሪያ አገኙ፣ በ2020 ደግሞ ፈረንሳዮች ያሻሻሉት ሌላ ኢንዛይም 72 ዲግሪ ላይ በ10 ሰአት 90 በመቶውን ፔት ፈታው። ይሄ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሊገቡበት የሚገባ ስራ ነው፣ ልጆቹ አቅም አላቸው፣ ላብራቶሪው ነው የሚጎድለው።

ካዋሳኪ_የነበረ፦

ስለ ኬሚካል ካነሳችሁ እኔ ጃፓን ስማር ያየሁትን ልናገር። ቶኪዮ ጎን ካዋሳኪ የሚባል የኢንዱስትሪ ከተማ አለ፣ እዛ ሾዋ ዴንኮ የሚባል ድርጅት (አሁን ስሙ ሬዞናክ ሆኗል) በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ የማሸጊያ ፕላስቲክን ወደ ሃይድሮጅንና አሞኒያ ይቀይራል። በቀን 200 ቶን ገደማ ይገባል። የሚያስገቡት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ልክ የአዳማዋ እህት የዘረዘረችው ነው፣ የብስኩት ላስቲክ፣ የኑድል ማሸጊያ፣ የሶስ ከረጢት፣ ተደባልቆ። መጀመሪያ በ600ና 800 መካከል ያለ ሙቀት፣ ቀጥሎ እስከ 1400 ዲግሪ ከኦክስጅንና ከእንፋሎት ጋር፣ በዛ ሙቀት ሁሉም ወደ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበተናል። ክሎሪኑ ተይዞ ጨው ይሆናል። ሃይድሮጅኑ ከአየር ናይትሮጅን ጋር አሞኒያ ይሆናል፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱም ደረቅ በረዶ ይሰራበታል ለስላሳ መጠጥ ውስጥም ይገባል።

አሞኒያ ማለት የማዳበሪያ እናት ናት። እኛ ዩሪያ በዶላር ነው የምናመጣው፣ ስለዚ ያንን ፋብሪካ ሳይ እንዴት እንደተቃጠልኩ አትጠይቁኝ። ግን እንዲሰራ ያደረገው ህጉ ነው። በ1995 የማሸጊያ ህግ አወጡ፣ ከ2000 ጀምሮ ለሌላውም የፕላስቲክ ማሸጊያ ተፈፃሚ ሆነ፣ ብስኩቱን የሚሸጠው ኩባንያ ለማሸጊያው ሪሳይክል ይከፍላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይሰበስባል፣ እናቶች ቤት ውስጥ አጥበው ለይተው ያስቀምጣሉ። የብረት ፋብሪካዎቹ ደግሞ ኮክ (ከድንጋይ ከሰል የሚሰራ ማገዶ) ማምረቻ ምድጃቸው ውስጥ ያስገቡታል፣ 40 በመቶው ዘይት 40 በመቶው ጋዝ 20 በመቶው ኮክ ሆኖ ይወጣል። ያለ ከፋይ ግን አንዱም አይቆምም።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

ካዋሳኪ የፃፈውን ልደግፍ። እዚህ አሜሪካ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ፋብሪካዎች ወድቀዋል። ኢንዲያና አሽሊ ላይ ብራይትማርክ የሚባለው በአመት 100 ሺህ ቶን ፕላስቲክ ወደ ዘይት ሊቀይር የተሰራ ነበር፣ በ2025 ኪሳራ አመለከተ። ኦሪገን ታይጋርድ ላይ ፎም ወደ ስታይሪን የሚመልሰው ሬጀኒክስ በ2024 ተዘጋ። እነዚህ ኢንጂነርም ገንዘብም ያላቸው ናቸው። ማህበሩ በብድር እንዲገባበት በፍፁም አልመክርም።

ሲሚንቶ_ቤት፦

ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው የምሰራው። ለተደባለቀው፣ ለቺፕስና ለብስኩት ማሸጊያ፣ ማለትም ማንም ለማይገዛው፣ ከሁሉ የሚቀርበው መንገድ የኛ ምድጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው) 1450 ዲግሪ ላይ ነው የሚበስለው፣ ነበልባሉ 2000 ይጠጋል፣ ጋዙም ለበርካታ ሰከንድ ውስጥ ስለሚቆይ ነገሩ በደንብ ነው የሚቃጠለው፣ አመዱ ደግሞ ሲሚንቶው ውስጥ ይገባል የሚጣል ነገር የለም። የድንጋይ ከሰል ቦታ ነው የሚተካው። እኛም ግን ፒቪሲ አንፈልግም፣ ክሎሪን ሲበዛ ሳይክሎኑ (ጥሬ እቃው ምድጃ ሳይገባ የሚሞቅበት) ላይ ይጋገርና መስመሩ ይቆማል፣ እርጥብም አንፈልግም። ደርቆ፣ ተቆራርጦ፣ ተጨምቆ በቤል (በጥቅል) ታስሮ፣ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ የሚመጣ ከሆነ ግን የኢነርጂ ክፍሉ ያናግራችኋል። አንድ ማህበር ብቻውን አይበቃም፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ ያላችሁ ብትሰባሰቡ።

ዶማ_ያዘ፦

እሺ ተምሬያለሁ። ግን ፌስታሉ ተከልክሏል አይደል? በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 513 ከ0.03 ሚሊሜትር የሚሳሳው ነበር የተከለከለው፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ አዋጅ ፀድቆ ጭራሽ ተከልክሏል። እና ማሽን ቢገዙ ምን ሊያስገቡ ነው?

ምናለሽ_ተራ_ነኝ፦

@ዶማ_ያዘ ፌስታሉ ቢጠፋ ደስ ይለኛል፣ ግን የታሸገ ምግብ ከአመት አመት እየጨመረ ነው። የወተት ላስቲኩ፣ የብስኩቱ፣ የዘይቱ ጀሪካን፣ የቅመሙ እሽግ አልተከለከለም። ስራ አይጠፋም።

የአዳማ_ማህበር፦

ዛሬ ስብሰባ አድርገን የፃፋችሁትን በሙሉ አነበብኩላቸው። ማሽኑ ይቅር ተብሏል። ብድር ከወሰድንም መቆራረጫና ማጠቢያ ገንዳ፣ ከዛ መጭመቂያ ነው። በርሜሉንም ሞክረነዋል፣ የእርጎ ኩባያ መሀል የሚሰጥም አገኘን፣ ቁጥር 6 ነው ከስሩ የተፃፈበት፣ ምንድነው? ወተቱ ላስቲክ ደግሞ በሙቅ ውሃ ነው ወይስ በኦሞ ነው የሚታጠበው፣ ሽታው አልለቅ አለን።

ኬሚካል_ሰው፦

ጎበዞች። ቁጥር 6 ፖሊስታይሪን ነው፣ ፎም ሳይሆን ደረቁ፣ ከፎሙ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።

ምናለሽ_ተራ_ነኝ፦

የወተት ላስቲኩን መጀመሪያ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ክፈቱት፣ ተዘግቶ ከታጠበ ወተቱ ውስጡ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ሙቅ ከቀደመ ወተቱ ይረጋና ይለጠፋል። ከዛ በሙቅ ውሃና በትንሽ ኮስቲክ ሶዳ፣ ጓንትና መነፅር አድርጋችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ ፀሀይ ላይ አስጡት። ያጠባችሁበትን ውሃ ደግሞ ቦይ ውስጥ አትድፉት። ናሙና በጆንያ ላኪልኝና ገዢዎቹ ጋ ይዤው እሄዳለሁ።